ካልተጠየቀች አትናገርም

የመጀመሪያው ገጽ

ጥፋተኛው ባለሰዓቱ ነው። አንገቱ ላይ የሩጫ ሰዓት አንጠልጥሎ ወጣት ሐኪሞችን የሚያወዳድረው ሰውዬ። ይህ ገጽ ለስም የተተወ ነበር። በሃምሳ አራት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረችኝ የሆስፒታላችን የካርድ ክፍል ሴትዮ፣ "የደብተራችሁን የመጀመሪያ ገጽ ለስማችሁ ተዉት" ትለን ስለነበር ባዶውን ትቼው ከሁለተኛው ገጽ ጀምሬአለሁ። አሁን፣ እህቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ከተኛች በኋላ፣ ተመልሼ ሞላሁት። በእኔ ፋንታ እርሱን አስቀመጥኩ። ሳልጠየቅ እንዳልናገር ያስተማረኝ እርሱ ነው። ሌላ ጥፋተኛ የለም።

ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ ታመምኩ። ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህ አሥራ ዘጠነኛዬ ነው። ትርፍ አንጀቴ ሁለት ጊዜ ተነሥቶብኛል፣ ሳንባዬ ውሃ ቋጥሯል፣ መርዝ ጠጥቻለሁ፣ አንድ ጊዜም ሞቻለሁ። የሞትኩ ዕለት የተሸነፈው ረጅሙ ልጅ ከአልጋው ስወርድ ጠብቆ፣ "እማማ፣ ይቅርታ" አለኝ። የበደለኝ ሰው ይቅርታ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። ባሌ እንኳ ሳይጠይቀኝ ነው ያለፈው።

ሥራዬ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አንሶላ አጣጥፋለሁ። ባለሰዓቱ ያገኘኝ የማሽኑ በር ጣቴን ሲቀረጥፈኝ ሳልጮህ አይቶኝ ነው። "እኚህ ሴትዮ ይችላሉ" አለ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ፣ የማጣጥፈውን አንሶላ ትቼ አንሶላ ውስጥ እገባለሁ።

ውድድሩ እንዲህ ነው። አዳራሹ መካከል አልጋ አለ፣ እኔ እተኛለሁ። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ለመሆን የሚማሩት ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ይመጣሉ። ስምንት ደቂቃ አላቸው። ይጠይቁኛል፣ ይነካኩኛል፣ ምርመራ ያዝዛሉ። ያዘዙት ምርመራ ሁሉ ነጥብ ይቀንስባቸዋል። በጥቂት ምርመራ ቶሎ በሽታዬን ያወቀ ያሸንፋል። በሽታዬ የተጻፈበት ወረቀት ቀደም ብሎ ዓርብ ይሰጠኛል። ቀስ ብዬ አራት ጊዜ አነበዋለሁ፣ በአምስተኛው በቃሌ እወጣዋለሁ። ከወረቀቱ ግርጌ ሁልጊዜ የማትጠፋ መስመር አለች፦ ካልተጠየቀች አትናገርም።

ዛሬ ሆዴ ውስጥ ይደማል። መድኃኒት የሚወስዱት አለ ወይ ሲሉኝ የለም እላለሁ። ሰው ለጉልበቱ ብሎ ከሱቅ ገዝቶ የሚውጠውን እንክብል መድኃኒት አይለውም። የመጀመሪያዎቹ አራት ልጆች "የለም" ስላቸው አለፉ፣ ወደቁ። ከዚያ ቀጭኗ ልጅ መጣች። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። "ሌላስ?" አለችኝ። "ለጉልበት የሚውጡት? የሚቀቡት? ጎረቤት የሰጠዎት?" ነገርኳት። አሸነፈች። ጓደኞቿ ስሟን ትተው "ሌላስ" ነው የሚሏት። እንደ ስድብ ነው የጀመሩት፣ አሁን ግን ሲፈሯት ነው የሚሏት።

ሰው ቶሎ አልወድም። እሷን ሳልፈልግ ወደድኳት።

ሰኔ 5፣ ዓርብ

እህቴ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ ከእኔ ጋር ናት። ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ከደጅ አራት የድንጋይ ደረጃ። በአምስት ዓመት ታንሰኛለች። እናታችን ስትሞት አንዳችን ትምህርት ቤት አንዳችን ሥራ መሄድ ነበረብን። እኔ የሰው ልብስ አጠብኩ፣ እሷ ተማረች። ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማረች። የሰው ልጅ ሁሉ በእሷ እጅ ፊደል ሲቆጥር ለእኔ ቅዳሜም እሑድም አልተረፈላትም። ይህን ሳነሣባት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

አሁን ዓይኗ ደከመ። የዓይን ሐኪሙ ዓይኗ ውስጥ ግፊት አለ ብሎ ባለፈው ሳምንት ብልቃጥ ሰጣት፣ ጠዋትና ማታ በየዓይኗ አንድ አንድ ጠብታ። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ የማደርግላት እኔ ነኝ። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታ ስትጠብቀኝ ጫጩት ትመስላለች። ስሟ ሲጠራ የሚሽቆጠቆጡት ተማሪዎቿ ባዩዋት። ሁልጊዜ አንዱ ጠብታ ጉንጯ ላይ ይፈስሳል፣ ስለዚህ ሁለት ሁለት አደርግላታለሁ። ወረቀቱ አንድ ነው የሚለው። ወረቀት ጉንጭ የለውም።

ሰኔ 11፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። አንደኛው ማሽን ተበላሽቷል። ሁሉም በእጅ። ወገቤ።

ማታ ስገባ እህቴ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዳቦ ገዝታ መመለሷ ነው። ደከመኝ አለች። ምን ሠርታ ነው የሚደክማት።

ሰኔ 16፣ ማክሰኞ

ባለሰዓቱ ተቆጣኝ። እርሱ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ያ ነው የሚብሰው። ሌላስ ስትጠይቀኝ ሳላውቀው እጄን ወደ አንገቴ ልኬ ነበር፣ የዕለቱ ሕመሜ ያለው እዚያ ነው። ልጅቷም አየች፣ ገባት። ከውድድሩ በኋላ ጠርቶ፣ "እማማ፣ ዛሬ እጅዎ ተናገረ" አለኝ። "እርስዎ ከረዷቸው እዚህ ያሸንፋሉ፣ እዚያ ሰው ይገድላሉ። መጠየቅ ካልለመዱ ማን ይነግራቸዋል?"

እውነቱን ነው። አፈርኩ። ዝም አይነቅዝም አሉ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ በእጄ ማውራት ጀመርኩ። ሁለተኛ አይደገምም።

ሰኔ 21፣ እሑድ

ለእህቴ ጋዜጣ አነበብኩላት። ዓይኗ ስለማይዝላት እኔ እንዳነብላት የጠየቀችኝ እሷ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ነገር ነው፣ ተቀምጣ እኔ ሳነብ። በሦስተኛው መስመር አቋረጠችኝ። "እትዬ፣ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ እንዳለ ጋሪ አናወጥሽኝ እኮ።" ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አልሳቅሁም።

ጋዜጣውን አጠፍኩት። እሷም ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ሰሞኑን ቀትር ላይ መተኛት ለምዳለች። ብርድ ልብስ ሳለብሳት እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ጡረታ ሰውን እንዲህ ያሰንፋል።

ሰኔ 30፣ ማክሰኞ

ሃያ አንደኛዬ። ሌላስ እንደገና አሸነፈች። የመጨረሻው ውድድር ሐምሌ 28 ነው፣ ከሌላ ሆስፒታልም ይመጣሉ። ሁሉም እሷ ትወስደዋለች ይላል።

ጠዋት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆና ገብታ ነው ለውድድሩ ሾልካ የመጣችው። ነገም እስከ ማታ ተረኛ ነኝ አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ተኚ አልኳት። "ማን ያስተኛኛል፣ እማማ። አልጋውን እርስዎ ይዘውታል" አለችኝ።

ሐምሌ 1፣ ረቡዕ፣ ማታ

ጠዋት ለእህቴ ጠብታዋን አድርጌ ልብሴን ስለብስ ከደጅ የወደቀ ነገር ሰማሁ። ደረጃው ላይ ተዘርራለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ውሃ ረጨሁባት፣ ነቃች። የመጀመሪያ ቃሏ "ጫማዬስ?" ነበር። ጎረቤታችን ባለታክሲው ወሰደን።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ሌላስ ናት። ፀጉሯን በእስክሪብቶ ሰክታዋለች። ስታየኝ ሳቀች፣ "ዛሬ ደግሞ ጤነኛ ሆነው መጡ?" አለችኝ። እህቴ ቀልዱን አልወደደችውም።

ልጅቷ መጠየቅ ጀመረች። እህቴ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመች ሆና መለሰች። እኔ ይህ የዛሬ ብቻ አይደለም፣ ሰሞኑን ድካም ድካም ይላታል ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

"እትዬ፣ እባክሽ። የታመምኩት እኔ ነኝ። አንቺ የምታውቂው የአዳራሹን በሽታ ነው።"

አጠገባችን የቆመው ልጅ፣ ደም የሚቀዳው፣ ፈገግ አለ። ዝም አልኩ።

"መድኃኒት የሚወስዱት አለ?" አለች ሌላስ።

"እንክብል የሚባል ውጬ አላውቅም" አለች እህቴ፣ ኮራ ብላ።

የእህቴ ቦርሳ እጄ ላይ ነበር። ብልቃጡ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ልጅቷ የልብ ምቷን ቆጠረች፣ ቀስ ይላል አለች። እህቴ ሠላሳ ስድስት ዓመት በእግሯ ትምህርት ቤት እንደተመላለሰች፣ ልቧም የሯጭ ልብ እንደሆነ አስረዳቻት። ልቧን በማሽን አነሡት፣ ቀስ ከማለቱ በቀር ሌላ ነገር አልታየበትም። እኔ እግርጌ ቆሜ ሁለተኛውን ጥያቄ እጠብቃለሁ። የልጅቷን አፍ እያየሁ። አሁን ትጠይቃለች፣ እሷ ሳትጠይቅ ቀርታ አታውቅም እያልኩ። ከንፈሯ ሲከፈት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በዚያው ቅጽበት መኪና የገጨው ሰው አስገቡና ተጠራች፣ ሮጠች። ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና ነው የተመለሰችው፣ እጅጌዋ ላይ ደም አለ። ውሃ አንሷቸዋል ብላ ግሉኮስ አዘዘች። ከሰዓት በኋላ ይሄዳሉ፣ እንደገና ከጣላቸው ወዲያው ይዘዋቸው ይምጡ አለችኝ።

እኔ ምን ላድርግ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ደግሞስ ጠብታ የዓይን ነው፣ ከራስ መሳት ጋር ምን አገናኘው። የተማረችው ራሷ ያልተናገረችውን።

ማታ ጠብታዋን አደረግሁላት። ዛሬ ሁለቱም ፈሰሰ መሰለኝ፣ አንድ ጨመርኩ።

ሐምሌ 3፣ ዓርብ

ወደቀች። ከላይኛው ደረጃ እስከ ታች። እግሯ ወደ ውጭ ዞሯል። ጩኸቷን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ሆስፒታል ነኝ።

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ

ዳሌዋ ነው። ግን ሊሠሩላት አልቻሉም፣ ልቧ በደቂቃ ሠላሳ አራት ብቻ ነው የሚመታው። ማደንዘዣውን አትችለውም አሉ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ለምን እንደሆነ ሲፈልጉ ዋሉ።

ያገኙት ሐኪሞቹ አይደሉም። ዛሬ ጠዋት የክፍሉ ነርስ፣ ከእኔ የምትተካከል ሴት፣ የእህቴን መታወቂያ ፈልጋ ጭኔ ላይ ያለውን ቦርሳ ከፈተችው። ብልቃጡን አውጥታ ወደ መስኮቱ ይዛ አነበበች። ይህ ጠብታ በአፍንጫ ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዱን ሰው ልቡን ያዘገየዋል አለች። ጠብታው እንደገባ የዓይን ጥግ በጣት ጫን መደረግ ነበረበት። ማንም አልነገረሽም? አለችኝ። ከዚያ፣ "ትናንትናስ፣ ረቡዕ ዕለትስ ለምን አልተናገራችሁም?" ስትለኝ ማንም አልጠየቀንም አልኳት።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?" አለችና ብልቃጡን ኪሷ ከተተችው።

በሽታው የእኔ አይደለም። እኔ አልደበቅሁም። ቦርሳ ያዥ ነበርኩ።

ሐምሌ 8፣ ረቡዕ

ጠብታው ከቆመ በኋላ ልቧ ተመለሰ። ትናንት ዳሌዋን ሠሩት። በሕይወት አለች። ያለ ድጋፍ መሄዷን ግን እንጃ አሉ።

ሌላስ መጣች። ነጭ ልብሷን አልለበሰችም። የእህቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ "መጠየቅ ነበረብኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለቻት። እህቴ እጇን ያዘችላት። ሁለቱ የተማሩ ሰዎች ተያይዘው ሲያለቅሱ እኔ አንሶላ አስተካከልኩ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እማማ፣ የሚያደርጉላቸው እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ስንት ጠብታ?"

"ወረቀቱ አንድ ይላል" አልኳት።

ውሸት አይደለም። ወረቀቱ የሚለው አንድ ነው።

ሐምሌ 13፣ ሰኞ

አብራኝ የምታጥበውን "ሬዲዮ" እንላታለን፣ የሆስፒታሉን ወሬ ሁሉ ከአንሶላው ላይ የምታነብ ይመስለናል። ዛሬ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ሌላስ ከእኩዮቿ አንድ ዓመት ልትቀር ነው። ከውድድሩም ወጥታለች። ምናልባትም ከነአካቴው ያሰናብቷታል። የሚወስነው ባለሰዓቱ ነው፣ ከመጨረሻው ውድድር በኋላ።

"የሷ ጥፋት ነው እንዴ?" አልኳት።

"አልጠየቀችማ" አለች ሬዲዮ። "ደግሞ ያንን ትጽፋለች። ደንባቸው ነው። የሳተ የሳተውን ለውድድር ይጽፋል። አንቺ የተኛሽባቸው በሽታዎች ሁሉ ከየት የመጡ መስሎሽ ነው?"

አላውቅም ነበር። ከራሳቸው የሚፈጥሩት ይመስለኝ ነበር። ያ የሆድ መድማት፣ ያ መርዝ፣ ያ ሞት፣ ሁሉም የአንድ ሰው እናት ነበሩ።

ነገ ውድድሩ ላይ አልተኛም፣ ወገቤን ብዬ ልኬአለሁ።

ሐምሌ 19፣ እሑድ

እህቴ ቀና ብላ መቀመጥ ጀመረች። ፀጉሯን እያበጠርኩላት ነበር፣ ፊቷ አይታየኝም።

"ዶክተሯ ስትጠይቀኝ ቦርሳዬ እጅሽ ላይ ነበር" አለች።

"ነበር።"

"እኔስ ጠብታን መድኃኒት አላልኩትም። አንቺ ግን ያንን ጨዋታ ስንቴ ተጫውተሽዋል። ለምን ዝም አልሽ?"

"አልተጠየቅሁም።"

"ሳስተምር" አለች፣ "ሰነፍ ልጅ አያናድደኝም ነበር። የሚያናድደኝ መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣው ነው።"

"እኔን መቼ ክፍልሽ አስገብተሽኝ ታውቂያለሽ" አልኳት።

ማበጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ግማሹ ፀጉሯ ሳይበጠር ቀረ። እስከ በሩ ድረስ ትክክል ነኝ እያልኩ ሄድኩ። ከበሩ እስከ ቤቴ ምን እያልኩ እንደሄድኩ አላስታውስም።

ሐምሌ 24፣ ዓርብ

ወረቀቱ መጣ። ባለሰዓቱ በጸሐፊዋ እጅ ላከልኝ። ለመጨረሻው ውድድር ከእርስዎ የተሻለ የለም ብሏል አለችኝ። የማን እህት እንደሆንኩ አያውቅም። ወረቀት ላይ የበሽተኛ ስም አይጻፍም፣ ዕድሜ ብቻ ነው።

ሃምሳ ስምንት ዓመት። ሴት። ጡረተኛ መምህርት። ደረጃ ላይ ራሷን ስታ የመጣች።

አራት ጊዜ አላነበብኩትም። አንድ ጊዜ አነበብኩት፣ ቃል በቃል፣ ጣቴን እያስቀደምኩ። "መድኃኒት አለ?" ተብላ ስትጠየቅ "እንክብል ውጬ አላውቅም" ትላለች። የዓይን ጠብታ ትወስዳለች። ካልተጠየቀች አትናገርም። ከዚያ በታች፣ ሐኪሟ ስህተቷን የምትጽፍበት ቦታ ላይ፣ እንዲህ ይላል፦ አስታማሚዋ አጠገቧ ነበረች። ታማኝና ጠንቃቃ ሴት ናት። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኋትም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።

ታማኝና ጠንቃቃ።

ማንበብ ባልተማርኩ።

ሐምሌ 27፣ ሰኞ

እቀራለሁ። ወገቤ ይበቃኛል።

ብቀር ሌላ ሴት ትተኛለች። እሷም ካልተጠየቀች አትናገርም።

ሐምሌ 28፣ ማክሰኞ

ሄድኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አልጋው ላይ ወጣሁ። አንሶላውን ያጣጠፍኩት እኔው ነኝ፣ መስመሩን አውቀዋለሁ። ሌላስ ከኋላ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። እኔን ስታይ ብድግ አለች፣ ወደ ባለሰዓቱ ልትሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ጊዜ አልነበረም፣ እርሱ ሰዓቱን ተጫነው።

ረጅሙ ልጅ ከጓደኛው ጋር መጣ። ምን ሆነው መጡ አለኝ፣ ደረጃ ላይ ወደቅሁ አልኩ። ከመቼ ጀምሮ፣ በልተው ነበር ወይ፣ ያልብዎታል ወይ። የእህቴን ድምፅ ነው የማወጣው፣ ቀጥ ያለውን። መድኃኒት የሚወስዱት አለ ሲለኝ፣ "እንክብል የሚባል ውጬ አላውቅም" አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ወደ ጓደኛው ዞሮ ስለ ደም ምርመራ መማከር ጀመረ። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ሰዓቱ ሲሄድ ይሰማኛል። ጠበቅሁ። ያን ቀን የጠበቅሁትን ያህል ጠበቅሁ።

ከዚያ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

"ጠብታ አለኝ" አልኩ። "ለዓይኔ። የምታደርግልኝ እህቴ ናት። ወረቀቱ አንድ ይላል፣ እሷ ግን ሁለት ሁለት ነው የምታደርግልኝ፣ አንዱ ይፈስሳል ብላ። ያን ቀን ማታ ደግሞ ሦስት። መድኃኒት የለኝም ስል እዚያ እግርጌ ቆማ ነበር፣ ብልቃጡን ይዛ። ትጠየቃለች ብላ ጠበቀች። ደግሞም ተቆጥታ ነበር። አንቺ አታውቂም ተብላ ነበርና፣ በይ እንግዲያው የምታውቂው አንቺ ተወጪው ብላ ነው። ሐኪሟ ስንት ጠብታ ብላ ጠይቃታለች፣ እሷ ግን ወረቀቱ አንድ ይላል ብላ አታለለቻት።"

ባለሰዓቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እማማ፣ ይህ ወረቀቱ ላይ የለም።"

"የለም። የጻፈችው ልጅ አልተነገራትም።"

እርሱም ሰዓቱን አቆመው። ሲያቆመው አይቼው አላውቅም፣ ሁልጊዜ ስምንቱ ደቂቃ ራሱ ጮሆ ነው የሚያበቃው። ወደ አልጋው ተጠጋ፣ ጎንበስ አለ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "እህትየዋ እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

"ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው" አልኩት።

ጫማዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ አደረግሁ። ሌላስ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ

ለእህቴ ነገርኳት። ሌላ ሰው ሳይነግራት ብዬ በጠዋት ሄድኩ።

"ሁለት?" አለች።

"ሁለት ሁለት። የመጨረሻ ቀን ሦስት።"

"ማንበብ ትችያለሽ አይደል?"

"ወረቀቱ ጉንጭ የለውም ብዬ ነው።"

መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቅ መጣባት፣ ዳሌዋን ይዛ፣ አታስቂኝ ያመኛል እያለች። ሳቁ መቼ ልቅሶ እንደሆነ አላወቅሁም። ስታበቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ዛሬ ሂጂ፣ እትዬ" አለች። "ነገ ነይ።"

ሄድኩ። ነገ እመጣለሁ።

ነሐሴ 1፣ ዓርብ

ሌላስ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ድረስ መጣች። ሬዲዮ እንኳ አፏን ዘጋች። ጉዳይዋ እንደገና እየታየ ነው፣ ምን እንደሚሉ አይታወቅም። አልጋ ስለሌለ የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጠች።

"መጠየቅ የእኔ ነበር" አለችኝ። "ያንን ለማንም አልሰጥም፣ ለእርስዎም ጭምር። መናገር ግን የእርስዎ ነበር።"

አንሶላ እንድታጥፍ አንዱን ጫፍ ሰጠኋት። አራት አጠፍን። አታውቅበትም።

ነሐሴ 4፣ ሰኞ

ባለሰዓቱ ዛሬ አዲስ ወረቀት ይዞ ራሱ መጣ። ግርጌው ላይ መስመር ጨምሮበታል፦ አስታማሚዋም ትጠየቅ። ጥሩ ነው አልኩት። ወረቀቱን መለስኩለት። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ይሁን ሊቆጣኝ ሳላውቅ ቆሞ ቆይቶ ሄደ። ሰዓቱ አንገቱ ላይ ነበር።

ማታ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ አነበብኩት። አልሰረዝኩትም፣ ድርሻው አለበት። "ሌላ ጥፋተኛ የለም" የሚለውን ብቻ ሰርዤ ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ። ገጹ ለስም የተተወ ነው።

እህቴ ቅዳሜ ወደ ቤት ትመጣለች። አዲስ ጠብታ አዘውላታል። ጋደም ብላ ራሷ ታደርገዋለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ አንድ እላለሁ። የእሷን ብልቃጥ ከእንግዲህ በእጄ አልይዝም። ያ አልጋ ላይ አልተኛም። ለምን ዝም አልሽ የሚለኝ ሰው ሲመጣም፣ አልተጠየቅሁም ብዬ አልመልስም።